«ተነሡ» ስትለን

ሾዋክ፣ ሱዳን፣ ሚያዝያ 1977

ኮከብዬ፣ ካርዱ ጠባብ ነውና ትናንት ያየሁትን ብቻ ልንገርሽ። የሚወስደንን ሎሪ ስንጠብቅ ሂያም የምትባል አማርኛ የምትሞካክር ተማሪ፣ የገዳሪፍ ነጋዴ ልጅ፣ ካሜራ ይዛ መጣች። ሰው ፎቶ የሚነሣው ለምን እንደሆነ ለትምህርቷ ትጠይቃለች። «እሺ፣ ተነሡ!» ስትል ሎሪው የመጣ መስሎን ሁላችንም ጓዛችንን ተሸክመን ቆምን። «ያ ኻልቲ፣ አክስቴ፣ ፎቶ እኮ ነው!» ብላ በሳቅ ሞተች። ከራቡ ወዲህ እኛም ገና ያን ጊዜ ሳቅን።

ጎረቤቴ በላይነሽ የሟች ባሏን ፎቶ ከጉያዋ አውጥታ «ልጄ አባቱን እንዲያውቅ» ብላ መለሰች። ቅናት አንገበገበኝ። ባሌ አየነው፣ ነፍሱን ይማር፣ ጎንደር ገበያ «ነይ አብረን እንነሣ» ሲለኝ፣ «በዚህ ቀሚስ?» ብዬ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። 

በአንቺም እቀናለሁ። በሠርግሽ ፎቶ ዳር ላይ ጃንጥላ ይዞ የቆመው እሱ ነው፤ ባሌ የቀረው አንቺ ግድግዳ ላይ ነው። ቆርጠሽ ላኪልኝ እንዳልል ሠርግሽ ይበላሻል።

ዝናብ ጣለላችሁ? እናትሽንና ልጆቹን ሳሚልኝ። ፎቶው አቧራ ሲይዝ ጥረጊልኝ፤ በጨርቅ እንጂ በእጅሽ አይሁን።

አዛለች