የእትዬ ዘውዴ ጾም

ሞጣ፣ ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

ዛሬ አማቴን እትዬ ዘውዴን ባሕር ዳር ዓይናቸውን አሳክሜ ስንወጣ፣ አዲስ ወደተከፈተው የደቡብ ሕንድ ምግብ ቤት ወሰድኳቸው። ስስ እንጀራ የሚመስል፣ ዶሳ የሚሉት ቂጣ ቀረበልን።

"ልጄ፣ የጾም ነው?" አሉኝ።

"አዎ እትዬ፣ ይብሉ" አልኳቸው፤ ሥጋ እንደሌለበት ብቻ ሰምቼ። እያደነቁ ጨረሱት።

እጄን ስታጠብ አስተናጋጇን ጠየቅኳት።

"በቅቤ ነው የምንጋግረው" አለችኝ።

ክው አልኩ። ተመልሼ ግን ምንም አልነገርኳቸው። ሚኒባስ ውስጥ እስከ ሞጣ ድረስ ሲመርቁኝ መጡ።

አሁን ሳሎን ተቀምጠው ለባለቤቴ "ለፍልሰታ እቆርባለሁ፤ ዘንድሮ አንድም ቀን አልገደፍኩም" ሲሉት ይሰማኛል። ልነግራቸው ተነስቼ በሩ ድረስ ሄድኩ። ድምፃቸው ውስጥ ደስታ አለ። ተመልሼ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ።