መስኮቱን የከፈትኩ ዕለት

እታለምዬ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን ልጠይቅ። ወገብሽን ሻል አለሽ ወይስ ዛሬም ጎንበስ ቀና ስትዪ ይይዝሻል? እማዬ እንዴት ናት? የአባባ ሳልስ ለቀቀው? ልጆቹ ትምህርት ቤቱን ወደዱት ወይስ ጠዋት ጠዋት ሆዴን ይላሉ? እኔ ደህና ነኝ፤ ያስቸገረኝ ናፍቆታችሁ ብቻ ነው። ደብዳቤ ሲመጣ ሁሉም ከበውሽ እንደሚቀመጡ አውቃለሁ። እባክሽ እዚህ ስትደርሺ እንደምንም ብለሽ ሰላምታው ጋ ዝለዪ፤ መሃሉ ላንቺ ብቻ ነው።

አሁን የምንለማመደው በትልቁ ሆስፒታል ሳይሆን በአንዲት የሰፈር ክሊኒክ ነው። ልጅ የሚያስከትብም፣ ራሱን ያመመውም፣ የሚያጫውተው ሰው ያጣም የሚመጣው እዚያው ነው። እኔና ሁለት ተማሪዎች ግድግዳ ተደግፈን እንቀመጣለን። አስተማሪ ሐኪማችን ሕመምተኛ ሲገባ «ተማሪዎች ቢኖሩ ቅር ይልዎታል?» ብለው ይጠይቃሉ።

ጡረታ የወጡ አንድ ልብስ ሰፊ አሉ። ስኳር ስላለባቸው እግራቸው ላይ የወጣው ቁስል አልድን ብሏቸው ይመላለሳሉ። ስለ ተማሪ ሲጠየቁ «ይግቡ እንጂ፤ እኔም ስፌት የለመድኩት የሰው ጨርቅ እያበላሸሁ ነው» አሉና አሳቁን። ፋሻውን እንድፈታ ታዘዝኩ።

ስፈታው ሽታው ፊቴ ላይ መጣ። እታለም፣ አልዋሽሽም፤ አፍንጫዬን በክንዴ ሸፍኜ ተነሣሁ፣ መስኮቱን በረገድኩት፣ «ጎዝ ላምጣ» ብዬም ወጣሁ። ቁስል የሚሸፈንበት ጎዝ እኮ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሌላዋ ተማሪ ሥራውን እስክትጨርስ ኮሪደር ላይ ተገትሬ ጠበቅኩ። ሰውየው ሲወጡ አጠገቤ ቆም አሉና «አስቸገርኩህ ልጄ» አሉኝ። ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ፣ «ኧረ ምንም አይደል» አልኳቸው። ይኸው ይህ ቃል እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ጭራሽ ይቅር ባይ ሆኜ አረፍኩት።

በቀጠሯቸው ቀን ቀሩ። በሚቀጥለውም አልመጡም። የክሊኒኩ ነርስ ቤታቸው ልትሄድ ስትነሣ አስተማሪያችን እኔን አየት አድርገው «አንተም አብረህ ሂድ» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። በሩን ሲከፍቱልን የሽቶው ጠረን ደጅ ድረስ ተቀበለን። ሠርግ ሊሄዱ መስሎኝ ነበር። ነርሷ ቁስሉን ስትገልጠው ዙሪያው ቀልቶ ተልጧል። ሽቶውን ቁስሉ ላይ ሲያፈሱበት ከርመዋል። እግራቸው ስለደነዘዘ ማቃጠሉንም አላወቁትም። «ጠረኑ ሲጠፋልኝ ልመጣ ብዬ ነው፤ ልጆቹን አስቸገርኳቸው» አሏት። ወደ እኔ አልዞሩም።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «አባቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ያን ቀን ጎዝ ልፈልግ አልወጣሁም፤ ሸሽቼ ነው» አልኳቸው።  እግራቸውን ወደ ነርሷ መለስ አድርገው «እሷ ትሥራው» አሉ። ነርሷ አጠበችው፣ እኔ ሳህኑን ይዤ ተንበረከክኩ።

ከዚያ ወዲህ ይመጣሉ። ሰላም ይሉኛል፤ ግን ነርሷን ይጠብቃሉ፤ አልፈርድባቸውም። እናንተ እዚያ «ልጃችን ሐኪም ሊሆን ነው» እያላችሁ ስታወሩ በሐሳቤ ሲመጣብኝ ፊቴን የማደርግበት ይጠፋኛል። ላንቺ የጻፍኩትም አንቺ ልትቆጪኝ ስለምትችዪ ነው፤ እዚህ የሚቆጣኝ ሰው አጣሁ።

ትናንት ነርሷ ክትባት ላይ ነበረች። ሰውየው በሩ ላይ ቆመው ክፍሉን ቃኙት። «ዛሬ አንተ ነህ?» አሉኝ። «ትንሽ ከታገሡ እሷ ትመጣለች» አልኳቸው። አሰብ አደረጉና ተቀመጡ፤ የሱሪያቸውን እግር ራሳቸው መጠቅለል ጀመሩ። ቁስሉ ጠበብ ብሏል፤ ሽታው ግን ገና አልለቀቀም። አጠብኩት፣ ሸፈንኩት፣ አሰርኩት። ልነሣ ስል ጎንበስ ብለው አዩትና «ላልቷል፤ እንደገና እሰረው» አሉኝ። ፈትቼ እንደገና አሰርኩት።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። አባባ ሳሉ ካልተሻለው እኔን ሳይጠብቅ ይታከም። ለልጆቹ አባት የከበረ ሰላምታ አቅርቢልኝ። ትልቁን ልጅ ግንባሩን፣ ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ጠዋት ጠዋት የሚያማት ሆድም እዚህ ሐኪም ቤት እንደሚታወቅ ንገሪያት።

ታናሽ ወንድምሽ
ከክሊኒኩ ጀርባ ካለው የተማሪዎች ማደሪያ
ኅዳር ፳፩ ቀን