የግንቡ ጠማማ እግሮች

ሰኞ፣ ጥር ፳፩። ከጧቱ ፪ ሰዓት።

ስማ፣ ደብተር፣ ስማ! የሰማህ ገጽ ላልሰማው አሰማ! ክቡር ግንቡ ዛሬ ጧት ከማጀት እስከ ምድጃ ሲጓዙ ሦስት ጊዜ ወድቀዋል። በሦስተኛው የወደቁት ገንፎዬ ላይ ነው። ገንፎው አልተረፈም። እሳቸው ተርፈዋል።

ግንቡ ቡችላ ነው። አምስት ወሩ። ቁመቱ ግን የጥጃ። ዘሩ ትልቅ ነው፤ አንድ የመንገድ ሥራ ፈረንጅ ነው አይከል ላይ ለአማቼ ለፈንታ፣ ለልጅ ልጆቼ አባት፣ የሰጠው። የፈንታን በጎች ከጅብ እንዲጠብቅ። እስኪጠነክር እኔ ጎንደር ላሳድገው ተረከብሁ። አሁን የፊት እግሮቹ ወደ ውጭ ቆልመም አሉ፤ ልክ እንደ በሬ ቀንድ። አንጓው አብጧል።

ባለቤቴ ውባለም እሱን አየች፣ እኔን አየች፣ መልሳ እሱን አየች። «ምነው፣ ያንተን እግር ወረሰ እንዴ?» አለች። አርባ ዓመት ይህችን ቀን ስትጠብቅ የኖረች ትመስላለች። እግሬን ጋቢ ውስጥ ሸሸግሁ።

ኀሙስ፣ ጥር ፳፬።

ሕክምና ጀመርሁ። በቅቤ አሸሁት፤ ቅቤውን ላሰው። በሸምበቆ አሰርሁት፤ ሸምበቆውን በላው። ማሰሪያውንም። ምግብ ጨመርሁለት፤ ዳቦ በወተት፣ ጧት፣ ቀን፣ ማታ። እግር ያለ ምግብ በምን ይጠናል? ሆዱ ተነፋ። እግሩ ባሰበት።

ውባለም ረቡዕና ዓርብ እሱም እንደ ሰው ይጹም ባይ ናት። ትናንት አስጾመችው። ዛሬ አንድ ጫማዬ የለም።

እሑድ፣ ጥር ፳፯።

ወሬ ከአይከል። በማኪና የመጣ ነጋዴ የፈንታን ቃል አደረሰ። በየካቲት ማለቂያ፣ ቅዳሜ ቀን ይመጣል። የግንቡ እግር ጠማማ መሆኑን ሰምቷል። መቆም ያቃተው ውሻ ጅብ አያባርርም፤ ካልዳነ በጥይት እገላግለዋለሁ ብሏል። ነጋዴው ይህን እየሳቀ ተናገረ። እኔም ሳቅሁ። ሲሄድ ሳቄን ይዞት ሄደ።

ግንቡ እግሬ ላይ ተኝቶ ነበር። ከባድ ነው። እግሬ ደነዘዘ። አላነሣሁትም።

ሰኞ፣ ጥር ፳፰።

ወ/ሮ እንጉዳይን አስጠራሁ፤ የሰፈራችን ወጌሻ ናት። የተጠራችው ለውሻ መሆኑን ስትሰማ ነጠላዋን ሰብስባ ልትመለስ። መጀመሪያ የእኔን ጉልበት እይልኝ ብዬ አስቀመጥኋት። የአንተስ ጊዜው አልፏል አለች። እንዲህ ያለ ምርመራ በነፃም ውድ ነው።

ግንቡን ዳበሰች። ጎትተሽ አቅኝው ብላት እጄን መታችኝ። አጥንቱ ለጋ ነው፤ ከተጎተተ ይሰበራል። የት ነው የሚውለው? አለች። ውባለም የማጀቱን በር ገርበብ አደረገች።

እውነቱን ልጻፍ። በኅዳር፣ የገበያ ሰው ሁሉ ቆሞ ሲያደንቀው፣ ውባለም «ዓይን ይበላዋል!» ብላ ማጀት አስገባችው። ከዚያ ወዲህ ፀሐይ አላየም። እኔም ደግ አደረግሽ አልሁ። ሸጋ ልጅ የሚደበቀው እንዲሁ አይደል?

«የሕፃናቱንስ እግር የሚያቆለምመው ይኸው መደበቃችሁ አይደል!» ብላ ወጌሻዋ ተቆጣች። ትእዛዟ፦ የጧት ፀሐይ በየቀኑ። ምግቡ በግማሽ ይቀነስ፤ ሆዱ ከእግሩ ቀድሞ አድጓል። ከከፍታ አይዝለል።

ረቡዕ፣ የካቲት ፯። ፫ ሰዓት። ደጅ።

ከጣሊያን ጊዜ የቀረችው ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ግንቡ ከሥሬ ተዘርግቷል። ውባለም ፀሐዩን ፈቀደች፤ ዓይኑን ግን አልፈቀደችም። ግንባሩን ጥላሸት ቀባችው። አሮጌ ጆንያ አለበሰችው። አላፊ አግዳሚው እንዳያደንቀው እኔ እየጮህሁ እንድሰድበው ታዘዝሁ። አንተ ቀፋፊ! አንተ ከርሳም! ሰባ ዓመት ያለ ፈቃድ ስሳደብ ኖሬ አሁን ታዝዤ እሳደባለሁ። ሸጋ ሥራ ነው።

ቅድም አንድ ፖሊስ አለፈ። ቆመ። «አያ፣ ማንን ነው?» አለ። ሆዱ ትልቅ ነው ሰውየው። ውሻውን ነው ብዬ አሳየሁት። ግንቡ ጆንያውን ተከናንቦ ተኝቷል፤ ያየው ሽማግሌ ይለዋል። ነገሩ እስኪጣራ ብዙ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ግንቡ ጅራቱን ቆላ፤ ዳንሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት ፳፩።

በክር ለካሁ። በጉልበቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ጠቧል። በአውራ ጣቴ ውፍረት። እንደገና ለካሁ፤ ያው ነው። ለውባለም አልነገርሁም፤ ከተደሰተች ታለቅሳለች። እኔን ደግሞ ሰው ሲያለቅስ ይጋባብኛል።

ሌላ ጉዳይ። ምግቡ በግማሽ የተቀነሰ ውሻ አፍንጫው ላይ ምን ወተት አመጣው? ብዬ ጠየቅሁ። ድመት ነው ያስነካችው አለች። ድመት የለንም።

ቅዳሜ፣ የካቲት ፳፬።

ፈንታ መጣ። ጠመንጃው ትከሻው ላይ። ውባለም አጠገቤ ቆማ እጄን ያዘችኝ። ከሠርጋችን ወዲህ ሰው ፊት ይህ ሁለተኛው ነው።

ግንቡ ከፀሐዩ ተነሣ። ቆመ። ተራመደ። እፈንታ ዘንድ ደርሶ ጫማውን አሸተተ። አልወደቀም። ጥቂት ወልገድ ይላል፤ እኔም እላለሁ። ፈንታ ቁጢጥ ብሎ እግሮቹን አንድ ባንድ ዳበሰ። ጠመንጃውን ግድግዳ አስደገፈ። «እሰይ! እንዴት ያለ ሸጋ ውሻ ነው!» አለ። ውባለም ደንግጣ «ቀፋፊ ነው!» ብላ ጮኸች።

ደስ አለኝ። ደስታዬ የቆየው ፈንታ ከኪሱ ገመድ እስኪያወጣ ነው። ዛሬውኑ አይከል ሊወስደው! አየህ፣ ይህን አላሰብሁበትም። እንዳይሞት ብቻ ነበር ያሰብሁት።

አፌ ቀደመኝ። ወጌሻዋ እስከ መስቀል ከዚህ ደጅ እንዳይርቅ አዝዛለች፤ ከራቀ እግሩ ወደ ጥንቱ ይመለሳል፣ አልሁት። ፈንታ እኔን ስለሚያውቀኝ ወደ ውባለም ዞረ። «እውነት ነው እማ?»

ጎንበስ ብዬ የግንቡን ጆሮ አከክሁ።

«እውነት ነው ልጄ» አለች፣ ፊቷ እንደ ቄስ ሚስት ረግቶ። «የሚያድነው የጎንደር ፀሐይ ነው፤ የአይከሉ አይስማማውም ብላለች።»

ገመዱን ጠቅልሎ ሄደ።

ላንተ ግን አልዋሽም፣ ደብተር። ወጌሻዋ ፀሐይ ብላለች፤ ቀንሱ ብላለች፤ አይዝለል ብላለች። እስከ መስቀል የሚለውን የፈጠርሁት እኔ ነኝ። የጎንደር ፀሐይ የሚለው ግን የእኔ አይደለም፤ እሱን ለውባለም ጻፍላት።