ለማን እንደሆነ የማይነገር ሹራብ

ዓርብ

መርፌዎቹ ተገኙ! እማዬ «ድሮ ጥያቸዋለሁ» ስትለን የከረመችው የሹራብ መርፌ በሙሉ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልሎ ቁጭ ብሏል። «እኔ አላስቀመጥኩትም» አለች። ታዲያ ማን? አይጥ ነው የጠቀለለው?

ከገላን የመጣሁት እስከ ሰኞ ልቆይ ነው። ኮንዶሚኒየሙን ለባሌና ለልጆቹ ትቼዋለሁ፤ ስመለስ ወጥ ቤቱ ምን መስሎ እንደሚጠብቀኝ እግዜር ይወቅ። የመጣሁት ለታናሽ እህቴ ለምሕረት ብዬ ነው። ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ባሏ ዳዊት የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ወደብ ደርሶ እስኪመለስ ድረስ ኮዬ ፈጬ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን እንዳትሆን ብለን እማዬ ቤት፣ አቃቂ አምጥተናታል። ሐኪሟ «እረፊ» ብሏታል። እረፍቱ ግን ሰለቻት። ትናንት ደወለችልኝና «እትዬ፣ ቅዳሜና እሁድን ነይና እማዬ ሹራብ ታስተምረን» አለችኝ። እኔ የዋህ «ጥሩ ሐሳብ!» አልኩ። ነገሩ ትዝ ያለኝ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው።

በእኛ ቤት ሹራብና እርግዝና አብረው አይነሡማ። ምሕረት ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም አልበረከተላትም። ለመጀመሪያው እማዬ ካልሲ፣ ኮፍያ፣ ሹራብ፣ ብርድ ልብስ፣ ምኑ ቅጡ፣ ሁሉን ሠርታ ጨርሳ ነበር። ለሁለተኛው ኮፍያ ብቻ ጀመረች። ኮፍያው አላለቀም። ከዚያ በኋላ መርፌ የሚባል ነገር ከዚህ ቤት ጠፋ። «ሳይወለድ ልብስ መሥራት ሟርት ነው፤ እኔው ነኝ ያሟረትኩባት» አለች። የእኔን ልጆች ጠቅሼ ለመከራከር ሞክሬ ነበር። ለሁለቱም ሳይወለዱ ሠርታ ሠርታ ምን ሆኑ? ዛሬ ቤት የሚያፈርሱት እነሱ አይደሉም ወይ? «ያንቺ ሌላ ነው» አለችኝ። ሌላነቱ ምኑ ላይ እንደሆነ ግን አልነገረችኝም።

ስለዚህ ዛሬ ሦስታችን ተስማማን። ሹራብ እንማራለን። ለማን እንደሆነ አይጠየቅም። «ያ ነገር» በስሙ አይጠራም። ምሕረት ራሷን ነቅንቃ እሺ አለች። ሆዷ ግን ከእሷ ቀድሞ ነው ማዕድ የቀረበው።

ቅዳሜ

ዛሬ እኛ ሦስት ሴቶች የዋሸነውን ውሸት ንስሐ አባታችን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን?

በመጀመሪያ አቃቂ ገበያ፣ ሐጂ ሱቅ ሄድን። ስማቸውን የሚጠራ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም፤ ለሰፈሩ ሁሉ ሐጂ ናቸው። በጎረምሳነታቸው ከስልጤ መጥተው የከፈቷት ሱቅ ውስጥ እስካሁን አሉ፤ ጢማቸው ብቻ ነው የነጣው። ክሩ ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ምሕረት በሩ ላይ ቆማ «ውይ!» አለች። የደስታ ድምፅ ከእሷ ከሰማሁ ቆይቼ ነበር።

«ለማን ነው እናቴ?» አሉ ሐጂ። «የሚለብሰው ሲታወቅ ነው ክሩ የሚመረጠው።» ዓይናቸው ምሕረት ሆድ ላይ ደርሶ በጨዋ ደንብ ተመለሰ።

እማዬ ሳትተነፍስ «ለእኔ ጉልበት!» አለች። «ቁርጥማት አለብኝ።»

ሐጂ እማዬን አዩ። የምሕረትን ሆድ አዩ። እኔን አዩ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

«ለጉልበት ከሆነማ» ብለው ከላይኛው መደርደሪያ የቡና ቀለም ያለው ወፍራም ሱፍ አወረዱ። «ይኼ ብርድ የሚባል ነገር አያሳልፍም።» ነካሁት፤ እንደ ጆንያ ይኮሰኩሳል። እማዬም ነክታዋለች፤ ፊቷ ሲጨማደድ አይቻለሁ። ግን አንዴ ጉልበቷን አሳምማለች፣ ምን ትበል? ተጠቅልሎ ተሰጣት። ከሱቁ ስንወጣ ደግሞ ትንሽ አነከሰች። ማርያምን አነከሰች!

ከዚያ የሚለሰልስ ክር ፍለጋ ቃሊቲ። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ነፍሰ ጡር ናት፤ ከፊት አስቀምጧት እንጂ!» ብሎ ጮኸ። አንዲት ሴትዮ «ማርያም ትቅረብሽ» አለቻት። ሆዷን ሹፌሩ አየው፣ ረዳቱ አየው፣ ተሳፋሪው ሁሉ አየው። ያላየነው እኛ ሦስታችን ብቻ ነን።

የቃሊቲው ክር ቤት ባለቤት ማስቲካ የምታኝክ፣ ወሬ የምትወድ ልጅ ናት። «ለማን ነው እማማ?» አለች። መቼም ይህን ሳይጠይቅ ክር የሚሸጥ የለም።

«ለአማቴ» አለች እማዬ።

«እንዴ! አማትዎ እስካሁን አሉ? ዕድሜ ይስጣቸው!»

«አሜን» አለች እማዬ፣ ፈርጠም ብላ። አባቴን የወለደችው አያቴ ስትሞት እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ። ምሕረት በሩን ይዛ እስክታለቅስ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። የውሸታችን ትርፍ የሆነውን አመድማ የአሮጊት ክር ይዘን ወጣን።

የሚያስቀው እዚህ ላይ አለቀ። እማዬ ዋጋ ስትከራከር ምሕረት አንድ ክሬም ክር ላይ እጇን ጣል አድርጋ ነበር። የሕፃን ክር ነው፣ እንደ ጥጥ የሚለሰልስ። እጇን አላነሣችም።

«እንግዛው?» አልኳት በሹክሹክታ።

እንዳቃጠላት ሁሉ እጇን ነጠቀች። ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «እፈልገዋለሁ እኮ እትዬ» አለችኝ። «ግን ገዝተነውስ እንደ በፊቱ ቢሆን? የት ነው የማስቀምጠው?» እጇን ያዝኩት፤ ቀዝቅዟል። በዚህ ፀሐይ!

እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ትምህርት ተጀመረ። የእኔ ሥራ ወደ ግራ ያዘነብላል። ምሕረት ክሩን ስለምታጠብቀው መርፌው አልገባም ብሏት ትታገላለች። «ላላ አድርጊው፤ አያመልጥሽም» ትላታለች እማዬ። እሷ ራሷ በቡናማው ክር «ጉልበቷን» ጀምራለች። ወይ እጅ! ወሬ እያወራች፣ መስኮት እያየች፣ መርፌው ብቻውን ይሄዳል።

ቆይቼ ልብ ብዬ ሳየው ጠባብ ነው። የማንም አዋቂ ጉልበት አይገባበትም። ዙር ይዞ ወደ ላይ እየተሰበሰበ ነው። ኮፍያ ነው! በዚያ በሚኮሰኩስ ክር የሕፃን ኮፍያ እየሠራች ነው፤ የምታውቀው አይመስለኝም፣ እጇ ነው የወሰዳት። «ጉልበትሽ እንዲህ ቀጥኗል እንዴ?» ልል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ምሕረትም አይታለች። ፈገግ ብላ አንገቷን ደፋች።

ምሳ ቀርቦ አልበላ አለች። ሆዷን በአንድ በኩል ትጫነዋለች፣ ደግሞ በሌላ በኩል። «ምነው?» አልኳት።

«ከጠዋት ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም።»

እማዬ ያደረገችውን መቼም አልረሳውም። ተነሥታ መርፌውን ከሹራቡ መዘዘችና ክሩን መጎተት ጀመረች። ተረተረችው። ሳታቆም፣ ሳትናገር፣ ወለሉ ላይ እስኪከመር። ከዚያ «እኔ ነኝ! እኔው ነኝ!» አለች። ጮህኩባት። እናቴ ላይ! «እማዬ፣ ጫማሽን አድርጊ!»

ባጃጅ አገኘን። መንገዱ በከባድ መኪና ተጨናንቋል፣ ይህ ሁሉ ጭነት በእሁድ ወዴት እንደሚሄድ እንጃ። ምሕረት አታለቅስም፤ አለማልቀሷ ነው ያስፈራኝ። እማዬ ባጃጁ ውስጥ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

ሆስፒታል ስንደርስ ነርሷ ፈጠን ያለች ናት። አስተኛቻት፣ ጣፋጭ ነገር አጠጣቻት፣ የልብ ምት ማዳመጫውን ሆዷ ላይ አስቀመጠች። ምንም የለም። አንቀሳቀሰችው። ምንም። የመጋረጃውን ጫፍ ጨምድጄ ይዣለሁ። ትንሽ ወደ ታች፣ ወደ ጎን... ተሰማ! ፈጣን፣ እንደሚሮጥ ነገር። «ይኸው ልቡ» አለች ነርሷ። ያኔ ምሕረት አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። እማዬ ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ግን አልለቀቁንም። ልብ ምቱ አልፎ አልፎ ቀነስ ስለሚል ትደርና ነገ በአልትራሳውንድ ትታይ ተባለ። ነርሷ ቀጠለች፣ «ዕቃ ይዛችኋል? የልጁን ልብስ?»

እኔና እማዬ ባዶ እጃችንን አየን።

«ኮፍያ? መጠቅለያ? ምንም?» ወደ እማዬ ዞረች። «እናት፣ እርስዎ ትልቅ ሰው አይደሉ? ዛሬ ማዋለድ ግድ ቢሆንብን በምን ልንጠቀልለው ነው? ያለ ወሩ የመጣ ልጅ ብርድ አይችልም እኮ!»

እማዬ ሲቆጡት መሬት የሚያይ ተማሪ መሰለች። አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያድረው ስላሉ እሷው ቀረች፤ ማን ይከራከራታል? እኔ ወደ ቤት መጥቼ ይህን እጽፋለሁ። ለዳዊት ደውዬ «ደህና ናት» አልኩት። ይህም ውሸት ይሁን እውነት አላውቅም። ጎረቤቶች ፎጣ ሰጥተውኛል፤ የልጆቼን አሮጌ ልብስ ባሌ ነገ ይዞልኝ ይመጣል። ብቻ ዛሬ እንዳይሆን። ዛሬ ብቻ እንዳይሆን!

ሰኞ

አልሆነም! ማለቴ፣ አልመጣም። እዚያው ሆዷ ውስጥ ነው፤ ጠዋት ሁለቴ ረግጧታል።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። ስክሪኑን እያየ ብዙ አወራ፤ የገባኝን ልጻፍ። ልቡ ደህና ነው። ልጁ ትንሽ ነው፤ የሚዋኝበት ውኃም ቀነስ ብሏል። ወሩን ሊጠብቅ ይችላል፣ ላይጠብቅም ይችላል። ቤት ሄዳ ትረፍ፣ ሐሙስ ትመለስ፣ እንቅስቃሴው ከቀነሰ ወዲያው ትምጣ። «ሊጠብቅም፣ ላይጠብቅም» የሚባል ነገር ይዞ ሰው እንዴት እንቅልፍ ይተኛል?

ልንወጣ ስንል እማዬ «ዶክተር» አለች። «ራሱ ምን ያህላል?»

በሚሊ ሜትር ነገራት።

«በቁጥር አይደለም ልጄ። በእጅህ አሳየኝ።»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ስክሪኑን አየና ሁለት እጆቹን አገጣጥሞ ክብ ሠራ፤ ጥቂት አጠበበ። «ይህን ያህላል፣ እናት።» እማዬ ተጠግታ የራሷን እጆች በእሱ እጆች ላይ ገጠመች፤ ሲለቅላት ልኩን ይዛ ቀረች። እንደያዘችም ወጣች። ኮሪደሩን፣ ደረጃውን፣ ግቢውን። ቦርሳዋን እኔ ያዝኩ። ባጃጅ ላይ ደግፌ አሳፈርኳት።

«እማዬ፣ ሰው እያየን ነው» አለች ምሕረት።

«ይየን።»

«አውርጂው በቃ፣ እጅሽ ይደክማል» አልኩ።

«ይጠፋብኛል!»

ባለባጃጁ በመስታወቱ ያያታል፤ መጠየቅ ፈርቷል። ሐጂ ሱቅ ስንደርስ «እዚህ ጋ አቁም» አለችው። ምሕረት ባጃጁ ውስጥ ቀረች፤ እኔና እማዬ ገባን። ሐጂ ከወንበራቸው ሲነሡ እጇን አዩ፤ ሊሉ የነበረውን ተዉት።

«ለዚህ የሚሆን» አለች እማዬ፣ ክቡን ወደ እሳቸው ዘርግታ። «ለልጄ ልጅ ነው፣ ሐጂ። ቅዳሜ አፌ እምቢ ብሎኝ ነው።»

«አውቄያለሁ እናቴ» አሉ። «ሰው ያልሰጠኝን ወሬ አልወስድም ብዬ ነው ዝም ያልኩት።» ወደ ውስጥ ገብተው በላስቲክ የተሸፈነ፣ የቅቤ መልክ ያለው ክር አመጡና ጉንጫቸው ላይ አሸት አድርገው አስሞከሯት። የራሷ እጅ ስላልተፈታ እሷም ጉንጯን ነው የሰጠችው። «አላህ በሰላም ያገላግላት» አሉ። «አሜን» አለች እማዬ። ይኼኛው «አሜን» እንደ ቃሊቲው አልነበረም።

አሁን ቤት ነን። ምሕረት በግራ ጎኗ ተኝታለች። እኔ እየፈራሁ ነው፤ በየአፍታው «ተንቀሳቀሰ?» እያልኩ አሰልችቻታለሁ። መጨረሻ ላይ እጄን ጎትታ ሆዷ ላይ አደረገችና «ራስሽ ጠይቂው!» አለችኝ። መለሰልኝ። ቢሆንም እፈራለሁ።

እማዬ ልኩን ከእጇ ወደ ክር ገልብጣ ኮፍያውን ጀምራለች፤ ጠርዙ ወጥቷል። ምሕረት በክርኗ ቀና ብላ ጠርዙን አየች።

«እማዬ።»

«ወዬ።»

«ሰፋ አድርጊው። ይኼ የዛሬ ልኩ ነው። እስኪወለድ ያድጋል እኮ።»

እማዬ መርፌውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ቀና አለች። «ያድጋል?» አለች፣ እንደ ሕፃን።

«ያድጋል።»

እማዬ የሠራችውን ፈታችና ሰፋ አድርጋ እንደገና ጀመረች። ጠዋት የልጆቹን ልብስ አድርሶ የሄደው ባሌ ደውሎ መቼ ነው የምትመጪው አለኝ። ሐሙስን ሳላይ የትም አልሄድም አልኩት።