የአራተኛው ፎቅ ቅርጫት

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ጠዋት የመጽሐፎቼን አቧራ አራገፍኩ። አሥር ሰዓት ላይ ታላቅ እህቴ እትዬ ዘንድ ሄድኩ። "ዘንድ" ማለት እንኳ... ከበረንዳዋ ሥር። እሷ አራተኛ ፎቅ፣ እኔ ታች አግዳሚ ወንበር ላይ። ሊፍት የለም። ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ አትወርድም፤ እኔ ደግሞ አልወጣም። ስለዚህ በየረቡዑ ቅርጫት በገመድ ይወርድልኛል፣ ውስጡ ኬክ። እየበላሁ፣ ሽቅብ አንጋጥጬ እናወራለን። ስምንት ወራችን።

"አንቺ ልጅ፣ ጉልበትሽ እንዴት ሆነ?"

"እንደዚያው ነው እትዬ።"

ጉልበቴ ምንም አልሆነም። ሁለተኛ ፎቅ ስደርስ ትንፋሼ እምቢ ስለሚል ነው። ይህ ይወራል? ስልሳ አራት ዓመቴ ነው። ለእሷ ግን አሁንም "አንቺ ልጅ"።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ሐኪም ቤት። ሐኪሟ ተማሪዬ ነበረች፤ ሦስተኛ ረድፍ፣ መስኮቱ ጥግ። ዛሬ ወረቀቱን የያዘችው እሷ ናት።

"ቲቸር፣ ስኳርዎ ድንበሩ ላይ ነው። ትንሽ ካለፈ መድኃኒት እንጀምራለን።"

"ወደቅሽ በይኛ።"

"ድጋሚ ፈተና አለዎት። ሦስት ወር።"

ጣፋጭ ይቀራል። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት በእግር። ልወጣ ስል፣ "እንዳይኮርጁ!" አለችኝ። እኔን!

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ሠንጠረዥ አዘጋጀሁ። ቀይ ለምግብ፣ ሰማያዊ ለእርምጃ። የድሮው ማስመሪያዬ ጠርዙ ስለተሸራረፈ በታክሲ ሄጄ አዲስ ገዛሁ። ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። በጣም ያምራል።

እስካሁን አንድ እርምጃ አልተራመድኩም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ዛሬ እነግራታለሁ ብዬ ወጣሁ። ቅርጫቱ ወረደ። የብርቱካን ኬክ፣ ገና ትኩስ።

"ላንቺ ብዬ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው የተነሳሁት!" አለች ከላይ።

ምን ይባላል? በዚያ ዳሌ ቆማ የጋገረችውን "አልፈልግም" ይባላል?

አልበላሁም ግን። እሷ በማታይበት ጥግ ለግቢው ጥበቃ ሰጠሁት።

"ጣፈጠሽ?"

"እጅሽ ይባረክ!"

ለተማሪ ቢሆን ዜሮ የምሰጥበት ሥራ ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 24

ሻይ ያለ ስኳር፣ አምስተኛ ቀን። ብርጭቆ የታጠበበት ውሃ ይመስላል።

እስከ ገበያው እርምጃዬን እየቆጠርኩ ሄድኩ። ዘጠኝ መቶ ምናምን ላይ አንዲት የድሮ ባልደረባ "እንዴት ነሽ?" ብላ አሳሳተችኝ። ወደ ቤት ተመልሼ ከአንድ ጀመርኩ። ሁለት ሺህ መቶ አርባ። ቆጠራ ካልቀረ በትክክል ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ጉድ ሆንኩ።

ቅርጫቱ እየወረደ ሳለ ጥበቃው ወደ ላይ ጮኸ። "እትዬ፣ ያለፈው ሳምንቱ ኬክማ! ልጆቼ 'አባዬ፣ ረቡዕ መቼ ነው?' እያሉ አስቸገሩኝ እኮ!"

እትዬ እሱን አየች። እኔን አየች። ቅርጫቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቆመ። ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ላይ ተመለሰ።

"እትዬ፣ ስሚኝ እስቲ..."

የበረንዳውን በር ዘጋችው።

"ምን አጠፋሁ?" አለ ጥበቃው። ምንም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

ሳምንቱን ሙሉ ስልክ አላነሳችም። አሥር ሰዓት ላይ እንደ ልማዴ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። በረንዳው ባዶ። ገመዱ ተጠቅልሎ ተሰቅሏል።

"ደህና ናቸው፤ ጠዋት ዳቦ አድርሼላቸዋለሁ" አለኝ ጥበቃው። ደህና ናት። ያኮረፈችው እኔን ነው። ዛሬ ወደ ቤቴ ብመለስ መቼ ነው የምንነጋገረው?

ተነስቼ ደረጃውን ጀመርኩ።

አንደኛ ፎቅ፣ አሥራ ስምንት ደረጃ። ሁለተኛ፣ ሠላሳ ስድስት... ድሮ የምመለሰው እዚህ ነበር። ግድግዳ ተደግፌ እስከ ሃምሳ ቆጠርኩና ቀጠልኩ። ሦስተኛው ላይ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ፣ ከክፍል እንደተባረረ ተማሪ። አንዲት ጎረቤት "እማማ፣ ውሃ ላምጣልዎት?" አለችኝ። እማማ! ውሃውን ግን ጠጣሁ። ሰባ ሁለት። አንኳኳሁ።

"ማነው?"

አፌን ከፈትኩ። ትንፋሽ ከየት ይምጣ?

"ማነው እኮ ነው የምለው!"

"እት... ዬ..."

ከዘራዋ ወለሉን ሲመታ ሰማሁ። ፈጠን ፈጠን ብሎ። በሩ ተከፈተ።

"አንቺ ልጅ! ጉልበትሽስ?"

"ጉልበቴ ደህና ነው። ዱሮም ደህና ነበር። ትንፋሼ ነው... ውፍረቴ። ስኳሬም..." እዚያው በሩ ላይ ሁሉንም ዘረገፍኩት።

"ታዲያ ለምን አትነግሪኝም?"

"እንዳይከፋሽ ብዬ ነዋ።"

ወደ መስኮቱ ዞረች። "መጋገር መች እወዳለሁ? ምድጃው ሥር መቆሙ ዳሌዬን ይጨርሰዋል። ኬኩ ከቀረ አንቺም ትቀሪያለሽ ብዬ ነው እንጂ።"

ይህን ሁሉ ወር! እኔ መብላት የሌለብኝን፣ እሷ መጋገር የማትወደውን። ተያየን። መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 9

አዲስ ሥርዓት። ከገበያ ካሮት፣ ቲማቲም፣ ሰላጣ ገዝቼ በእግሬ እመጣለሁ። ቅርጫቱ ውስጥ አደርገዋለሁ። እሷ ትስባለች፣ እኔ በደረጃ። በሩን ለመክፈት እንዳትመላለስ ትርፍ ቁልፍ ሰጥታኛለች።

ዛሬ ቅርጫቱ በሁለት ፎቅ ቀደመኝ።

"ካሮቱ ደርሷል! መምህሯ የት ቀሩ?" ብላ ከበረንዳ ጮኸች። ግቢው በሙሉ ሰማ።

ሠንጠረዡ ላይ ለደረጃው አንድ ዓምድ ጨመርኩ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 20

የጎረቤት ልደት። ሁለት ቁራጭ ኬክ። አንድ ብዬ ልጽፍ ነበር... ሁለት። በቀይ።

ሰኞ፣ ጥር 5

"አልፈዋል፣ ቲቸር።"

"በስንት?"

ቁጥሩን ነገረችኝ። ከድንበሩ ወዲህ ነው፤ ብዙም አይደል።

"ከዚህ የተሻለ ይጠበቅብኛል" አልኳት።

"የእኔ ወረቀት ላይ ሁሌም የሚጽፉት እሱን ነበር" ብላ ሳቀች። እውነት? ለካ ያስታውሳሉ።

ረቡዕ፣ ጥር 7

ካሮቱን ጭኜ ገመዱን ነቅነቅ አደረግኩላት። ተነሳሁ። ሁለተኛ ፎቅ አላቆመኝም። ሦስተኛው ላይ የደረጃውን መደገፊያ ይዤ አምስት ቆጠርኩ፤ አምስት ብቻ። ሰባ ሁለት። ቁልፉን ቀስ ብዬ አዞርኩ።

እትዬ በረንዳው ላይ ናት፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ። ከዘራዋን መከለያው ላይ አስደግፋ ገመዱን ትስባለች። ቅርጫቱ ገና ሦስተኛ ፎቅ አልደረሰም።

"አንቺ ልጅ!" ብላ ወደ ታች ትጣራለች። "የት ገባሽ? ደከመሽ እንዴ?"

ከኋላዋ ቆሜ፣ ቅርጫቱ እስኪደርስ ጠበቅኩ።