የኔታ አሁንም ተኝተዋል

ወንድሜ ፈንታው፣ ይህን የምጽፍልህ ከወገዳ ነው፤ እንደምን ሰነበትክ?

ለአባትህ ተዝካር እንዲቀኙ ልወስዳቸው የመጣሁት የኔታ አስማረ ዛሬም ጽድ ጥላ ሥር ጋቢ ተከናንበው ተኝተዋል። እኛ ከተማ ንፋስ መውጫ ላይ እንዲህ የሚተኛ ነጋዴ ሱቁን በዘጋ ነበር።

«የኔታ፣ ተዝካሩ እሑድ ነው። አምና ለሌላ ሰው የተቀኙትን ቢሉትስ?»

«የሸጥከውን ስንዴ መልሰህ ትሸጣለህ?»

«ካገኘሁማ።»

«እንግዲያው አንተ ተቀኝ» ብለው ፊታቸውን ሸፈኑ።

ያመጣኝ መኪና ሹፌር ጡሩምባውን ይነፋል፤ እኔ በንዴት እንጎራደዳለሁ። በመጨረሻ ከጋቢው ውስጥ፣ «የሟቹ ሳቅ እንዴት ያለ ነበር?» አሉኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የአባትህ ጎረቤት ሆኜ ሳቃቸውን ላስታውሰው አልቻልኩም።

ስለዚህ መኪናውን ባዶውን ሸኘሁት። ለካሣነሽና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርስልኝ። የአባትህን ሳቅ ጽፈህ ይህን ካርድ ባመጣልህ ሹፌር ላክልኝ፤ ያለዚያ እኒህ ሰውዬ አይነሱም።