አባዬ አልሰብርም ያለው የብስኩት ቤት

ኡሜኦ፣ በገና ማግስት

ውድ እህቴ ሲግኔ፣ ባለሽበት አገር እንቅፋት አይንካሽ፤ ጤናሽ ይብዛልኝ። እማዬ ካረፈች ወዲህ ደብዳቤ የመጻፉ ተራ የእኔ ሆኗል። በረዶው መስኮቱ ድረስ ደርሷል። አንቺም ስትወጪ ጓንት አድርጊ።

እማዬ በየገናው ትሠራው የነበረውን የዝንጅብል ብስኩት ቤት ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔና አባዬ ሠራነው። ሊጡን ሳላሳድር ስለጋገርኩት ግድግዳዎቹ አበጡ። «አንተ ልጅ፣ ይሄ ግድግዳ ነው ወይስ ጥርሱን የታመመ ሰው ጉንጭ?» ብሎ አባዬ ሳቀብኝ። ከቀብሩ ወዲህ ሲስቅ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ሞረዱን አምጥቶ ጠርዙን አስተካከለ፤ እኔም በቀለጠ ስኳር አጣበቅሁት።

አሁን ግን አባዬ ከብስኩት ቤቱ አጠገብ አይነሳም። የገና በዓል በሚያበቃበት በክኑት ቀን እንደ ልማዳችን ሰብረን እንብላው ስለው፣ «ማንም አይነካውም! እሷ ብትኖር...» አለኝ። እማዬ ብትኖርማ ቀድማ የምትሰብረው እሷ ነበረች። ምግብ አቀርብለታለሁ፤ አይቀምስም። እኔም መቀመጥ አቅቶኝ ከክፍል ክፍል እዞራለሁ። ትምህርት ቤት ሲከፈት ከእሱ ጋር ማን ይውላል?

እግዜር መንገድሽን ያቅናልሽ። ከቻልሽ ከክኑት በፊት ነይ። የምንሰብርበትን መዶሻ አንቺ ብታነሺው እምቢ የሚልሽ አይመስለኝም።

ወንድምሽ አልቪን